አዲሱ መድኃኒት ለላሟ አይደርስም

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ፈንግል በገባ ቁጥር የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። ዶሮዎቹ አንገታቸው ሲጣመምና አረንጓዴ ሲያስቀምጣቸው የቤቱ እመቤት የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ታስገዛለች። ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን በውኃ ትበጠብጥና ለእያንዳንዷ ዶሮ በአፏ ታንቆረቁርላታለች። ከአሥሩ ሁለቱ ከተረፉ መድኃኒቱ እንደ ሠራ ይቆጠራል፤ በቀጣዩ ዓመትም ያው ካፕሱል ይገዛል።

ፈንግል ግን የቫይረስ በሽታ ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ሁለቱ ዶሮዎች የተረፉት በራሳቸው አቅም ነው። መድኃኒቱን በትክክል የቀመሱት በአንጀታቸው ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ደካሞቹ ሞተዋል፤ መቋቋም የቻሉት ቀርተው ተራብተዋል፤ ከኩሱ ጋርም ወደ ጓሮው ወጥተዋል። ከጓሮው ጎመን ይለቀማል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወስደዋል።

ይህች የአንድ ካፕሱል ጉዳይ በዓለም ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ኬሚስቶችን ሌት ተቀን ከሚያሠራው ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘች ናት። ሥራው መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን የሚገድል፣ ከዚህ ቀደም በተፈጥሮ ያልነበረ አዲስ ውህድ መፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ችግሩ በተዘዋዋሪ እጁ ያለበት ሞት ሲደመር ቁጥሩ 4 ነጥብ 95 ሚሊዮን ይደርሳል። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ከፍተኛውን ጫና ተሸካሚ ሆነው ተገኝተዋል።

መድኃኒት መላመድ ለጣና ዙሪያ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የወባ አገር ነውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ክሎሮኪን ወባን ድራሹን ያጠፋበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ከዚያ ክሎሮኪን እምቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 አገሪቱ ፋንሲዳርን ተካች፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኮአርተም መጣ። የወባ ተውሳክ ባክቴሪያ ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው። በከብትም ቢሆን ለገንዲ የሚሰጠው መርፌ እንደ ድሮው አልሠራ እንዳለ በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። መድኃኒት በበዛና በጎደሎ መጠን በተሰጠ ቁጥር የሚያሸንፈው መድኃኒቱን የለመደው ነው።

በወተት ላሞች ላይ የሚታየው የጡት በሽታ የዚሁ ጉዳይ ዋና ማሳያ ነው። በባሕር ዳር ከተማና በአካባቢዋ ባሉ የወተት ላሞች ላይ ባለፉት ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች ከታመመ ጡት በተወሰደ ወተት ውስጥ ስታፊሎኮከስ አውሬስ የተባለውን ባክቴሪያ ደጋግመው አግኝተዋል፤ ብዙዎቹም ፔኒሲሊንን የሚቋቋሙ ነበሩ። ይህ ባክቴሪያ ሰውንም ያጠቃል፤ እባጭ፣ የቁስል ማመርቀዝና የደም መመረዝ ያስከትላል። በከተማዋ ሆስፒታሎች ከሕሙማን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ብዙ መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። የላሟ ጡትና የሰው ቁስል አንድ ዓይነት ተሕዋስ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይጋራሉ።

ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚያሸንፍባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። አንዳንዱ ፔኒሲሊንን ቆራርጦ የሚጥል ኢንዛይም ያመርታል። አንዳንዱ የገባበትን ቴትራሳይክሊን እንደ ፓምፕ መልሶ ወደ ውጭ ይረጫል። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣል። ይኸኛው ለገበሬ በቀንበር ይገለጻል፤ የቀንበሩ ቀዳዳ በጭቃ ቢደፈን ማነቆው አይገባም፤ ማነቆው ደኅና ነው፣ ቀንበሩም ደኅና ነው፣ ግን አይጠመድም። ይባስ ብሎ ባክቴሪያዎች ይህንን ብልሃት የያዘውን ዘረመል ለልጆቻቸው ብቻ ሳይሆን አጠገባቸው ላለ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያም ያቀብላሉ። ከዶሮ አንጀት የተነሣ ብልሃት በሰው አንጀት ውስጥ ላለ ባክቴሪያ ሊደርስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ለዚህ የቻይና አሳማዎች ታሪክ ይጠቀሳል። ኮሊስቲን ለሰው የመጨረሻ አማራጭ ተደርጎ የተያዘ መድኃኒት ሲሆን በቻይና ግን አሳማ ቶሎ እንዲደልብ ከመኖ ጋር ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያሸንፍ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል በአሳማዎች፣ በሥጋና በሆስፒታል ሕሙማን ላይ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሊስቲንን ለማደለቢያ በመኖ መጠቀምን አገደች። ዘረመሉ ግን እስከዚያ ድረስ በብዙ አገሮች ተገኝቶ ነበር።

ከጨርቅ ማቅለሚያ እስከ ክሬሶማይሲን

ሰው ሠራሽ ፀረ ባክቴሪያ ውህድ መሥራት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ጀርመናዊው ገርሃርድ ዶማክ በባየር ኩባንያ የጨርቅ ማቅለሚያ ውህዶችን አንድ በአንድ በአይጥ ላይ ሲፈትሽ ፕሮንቶሲል የተባለውን ቀይ ቀለም አገኘ። ባክቴሪያ የተሰጣቸው አይጦች በዚህ ቀለም ዳኑ። የሰልፋ መድኃኒቶች ዘር ከዚያ ይጀምራል፤ ዛሬ በወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች የሚገኘው ሰልፋ የዚያ የጨርቅ ቀለም የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ መድኃኒቶች ግን ከአፈር የተገኙ ናቸው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። እያንዳንዱ የእንስሳት ሐኪም በቦርሳው የሚይዘው ኦክሲቴትራሳይክሊንም እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ሲወጣ ምንጩ የአፈር ተሕዋስ ነበር። በአፈር ውስጥ ባክቴሪያዎች ለቦታና ለምግብ ሲዋጉ የሚረጩት መርዝ ነው ለሰው መድኃኒት የሆነው። ክፋቱ በአፈር ውስጥ መርዙ ብቻ ሳይሆን ማርከሻውም አብሮ መኖሩ ነው። መርዙን የሚሠራው ባክቴሪያ ራሱን እንዳይገድል መከላከያ አለው፤ ያ መከላከያ ዘረመል ደግሞ ይሰራጫል።

ኬሚስቶች ወደ ሰው ሠራሽ ውህድ የተመለሱት ተፈጥሮ የማታውቀውን ነገር ብንሠራ ማርከሻው ተዘጋጅቶ አይጠብቀንም በሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ግማሽ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ሊኔዞሊድ የተባለው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዓመቱ፣ በ2001፣ እሱን የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ ከአንድ ታማሚ ላይ ተገኘ። በጥቅሉ ሲታይ ግን ሊኔዞሊድ ዛሬም ብዙ ሰው ያድናል፤ በሆስፒታል በቁጥብ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑ ረድቶታል።

የቅርብ ጊዜው ሥራ ይበልጥ ረቀቅ ያለ ነው። በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአንድሩ ማየርስ የኬሚስትሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ክሬሶማይሲን የተባለ ውህድ ይፋ አድርጓል። ውህዱ የሚያርፈው በባክቴሪያው ራይቦዞም፣ ማለትም ፕሮቲን በሚያመርትበት ክፍል ላይ ነው። ክሊንዳማይሲን የተባለው የቆየ መድኃኒትም በዚያው ቦታ ያርፋል፤ ሆኖም ባክቴሪያዎች ማረፊያው ላይ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት በማኖር ዘግተውበታል፤ ቀዳዳው ላይ ጭቃ እንደ መደፈን ማለት ነው። የማየርስ ቡድን ያደረገው ማነቆውን መቀየር ነው። የድሮው መድኃኒት እንደ ልምጭ የሚተጣጠፍ ሲሆን፣ ማረፊያው ላይ ለመግጠም መጀመሪያ መታጠፍ ነበረበት። አዲሱ ግን ገና ሲሠራ ማረፊያውን በሚመጥን ቅርጽ እንዲደርቅ ተደርጓል። ለመታጠፍ ጉልበት ስለማያባክን ቦታው ቢጠብም አጥብቆ ይይዛል። በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ገድሏል። በሰው ላይ የሚሞከርበት ደረጃ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ዓመታት የሚፈልግ ሌላ ሥራ ነው።

ሌላው ዙሱራባልፒን ነው። ሮሽ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያና የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት ይፋ ያደረጉት ይህ ውህድ አሲኔቶባክተር የተባለውን ባክቴሪያ ያጠቃል። አሲኔቶባክተር በሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚመላለስ፣ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ነው። ባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋኑን ለመገንባት የሚያጓጉዘው ቁሳቁስ አለ፤ ዙሱራባልፒን ማጓጓዣውን መንገድ ላይ ያግዳል። ከዚያ ቀደም በዚህ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት አልነበረም።

ኮምፒዩተርም ወደ ሥራው ገብቷል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የጄምስ ኮሊንስ ቡድን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ተጠቅሞ ሺዎች ውህዶችን ካበጠረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ሃሊሲንን አግኝቷል፤ ውህዱ ቀደም ሲል ለስኳር በሽታ ታስቦ የተተወ ነበር። ከመደርደሪያ ላይ የተረሳ ዕቃ ማለት ይቻላል። እስከ ገበያ ከደረሱት ደግሞ ጌፖቲዳሲን ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በአሜሪካ ለሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተፈቅዷል።

ዝርዝሩ ተስፋ የሚሰጥ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት ግን ጉጉቱን ያቀዘቅዘዋል። በ2023 በሰው ላይ በመሞከር ላይ የነበሩት ፀረ ባክቴሪያ ውህዶች በዓለም ዙሪያ 97 ነበሩ። ድርጅቱ ቅድሚያ በሰጣቸው አደገኛ ባክቴሪያዎች ላይ ያነጣጠሩት 32 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ አዲስ ፈጠራ የሚባሉት 12 ብቻ ናቸው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ገበያ ከገቡት 13 አዳዲስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ውስጥም አዲስ የኬሚካል ዘር ያላቸው ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ሪፖርቱ ይገልጻል።

ገንዘቡም አይመጣም። አካኦጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕላዞማይሲን የተባለ መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አስፈቀደ፤ በ2019 ከሠረ። አዲስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲገኝ ሐኪሞች በትክክል የሚያደርጉት ነገር መቆጠብ፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነው። የተቀመጠ መድኃኒት ደግሞ አይሸጥም። ለደም ግፊት ክኒን የሠራ ኩባንያ በየቀኑ ይሸጣል፤ ለዚህ ግን ገበያው ተቃራኒውን ይጠይቃል።

ለከብት የቀረው ያው የድሮው ነው

ለአርሶ አደሩና ለወረዳ ባለሙያው ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚህ አዳዲስ ውህዶች ለላም፣ ለበግ፣ ለዶሮ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻለው ዝርዝር ለሰው ብቻ የተፈቀዱ መድኃኒቶችን ለይቶ አስቀምጧል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ለሰው ብቻ የተከለሉ፣ ለእንስሳት ፈጽሞ የማይሰጡ መድኃኒቶችን በሕግ ዘርዝሯል። ክሬሶማይሲን ነገ ተሳክቶ ቢወጣ እንኳ ወደ ደራ ወይም ወደ ፎገራ የከብት ክሊኒክ የሚመጣበት መንገድ የለም። መምጣትም የለበትም።

ስለዚህ የፎገራ ላም ያላት መድኃኒት ያው ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ያው ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን፣ ያው ሰልፋ ነው። እነዚህ ከከሸፉ ተተኪ የለም። ለኬሚስቱ የከሸፈ መድኃኒት አዲስ ጥናት የሚጀምርበት ነው፤ ለአርሶ አደሩ ግን የታለበች ላም መሸጥ ወይም ማረድ ነው።

የሚከሽፉበት መንገድም የታወቀ ነው። በገበያ ቀን ከመሬት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ ይገዛል። መርፌው አንድ ቀን ተወግቶ ላሟ ቀና ስትል ይቋረጣል። ክብደቷ ሳይገመት ለጥጃም ለበሬም እኩል ይሰጣል። አንዳንዴም የታየው በሽታ የባክቴሪያ አይደለም፤ የአፍና የእግር በሽታ ወይም የቆዳ ጉርብርብ የያዛት ላም በቫይረስ ታማ ሳለ በኦክሲቴትራሳይክሊን ስትወጋ ትሰነብታለች። ቁስሉ ላይ ሌላ ባክቴሪያ ሲገባበት ሐኪም ሊያዝ ይችላል፤ ያ ግን የሐኪም ፍርድ እንጂ የገበያ ምክር አይደለም።

ከመርፌ በኋላ ያለው ወተት ሌላ ጣጣ አለው። ጠርሙሱ ላይ ወተትና ሥጋ ለስንት ቀን ለምግብ መዋል እንደሌለበት ይጻፋል፤ ቀኑ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል፣ ለረጅም ጊዜ በሚሠሩት ላይ ደግሞ ይረዝማል። በቤት ውስጥ ወተቱን ማፍላት የመድኃኒቱን ቅሪት ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ለጥጃ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ የጥጃዋ አንጀት ባክቴሪያም ይለምዳል። ይህን የሚያጋልጥ አንድ ነገር በየቤቱ አለ። መድኃኒት ያለበት ወተት እርጎ አልሆን ይላል፤ ወተቱን የሚያረጋው ራሱ ባክቴሪያ ነውና መድኃኒቱ ይገድለዋል። እርግጥ ወተት በብርድም፣ በዕቃ ማጠን ብዛትም ሳይረጋ ሊቀር ይችላል፤ በመርፌ ሰሞን ያልረጋ እንደ ሆነ ግን ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያሻም።

የጡት በሽታን በተመለከተ መድኃኒት የሚቆጥበው ሥራ ርካሽ ነው። ከማለብ በፊት እጅንና ጡትን መታጠብ፣ ለእያንዳንዷ ላም የተለየ ንጹሕ ጨርቅ መያዝ፣ የታመመችዋን ላም ከሁሉም በኋላ ማለብ፣ የጋጣውን እዳሪ ማንሳት ነው። የመጀመሪያዎቹን ጭላቶች በጥቁር ነገር ላይ አልቦ ማየት የቋጠረ ወተትን ቶሎ ያሳያል። የካሊፎርኒያ ማስታይተስ ምርመራ የሚባለው፣ በአራት ጎድጓዳ ገበታ ላይ ወተቱን ከአንድ ፈሳሽ ጋር አደባልቆ የሚያይ ዘዴ ደግሞ በዓይን የማይታየውን የጡት በሽታ በደቂቃ ውስጥ ይለያል። ብዙ ኪሳራ የሚያመጣው ይኸው የማይታየው ነው፤ ጡቱ አላበጠም፣ ላሟ ትበላለች፣ ወተቱ ግን ይቀንሳል።

ለወረዳ ኃላፊዎች የሚቀረው ጥያቄ በየክሊኒኩ የትኛው መድኃኒት አሁንም እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ይህ በግምት አይታወቅም። በንጹሕ ዕቃ የተወሰደ የወተት ናሙና በበረዶ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ባክቴሪያው በሳሕን ላይ ይዘራል፤ በላዩ የተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጣሉ። በማግስቱ ሲታይ የሚሠራው መድኃኒት ዙሪያውን ባዶ ክብ ይተዋል፤ የማይሠራው ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ በቅሎ ይገኛል። በባሕር ዳር የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ብዙ ወረዳዎች ናሙና የሚልኩት ግን ከብት በጅምላ ሲያልቅ ብቻ ነው። በዓመት ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ከጥቂት ቀበሌዎች ናሙና ቢላክ የክሊኒኩ የመድኃኒት ግዢ በልምድ ሳይሆን በውጤት ይመራ ነበር። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ያወጣችው የመድኃኒት መላመድ መከላከያ ስትራቴጂ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ ያየዋል። በወረዳ ደረጃ ግን የጤና ጽሕፈት ቤቱና የእንስሳት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እንኳ ስለ አንዱ ባክቴሪያ የሚነጋገሩበት ቀን አይገጥምም።

ለፈንግልስ? ክትባት አለ። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥና ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋም ዓይነትም አለው። ችግሩ የዋጋ አይደለም፤ የአሰጣጥ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። ስድስት ዶሮ ያላት አንዲት እናት ብቻዋን ብታስከፍተው የቀረው ይደፋል። ስለዚህ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያና ጎረቤታሞቹ ቀኑን አስቀድመው ይቀጣጠራሉ፤ ሁሉም ዶሮዎቹን ከቆጥ ሳይወርዱ በጨለማ ይይዝና በቅርጫት አድርጎ ያመጣል፤ ጠብታው ፀሐይ ሳይጠና ይዳረሳል። ባለሙያው በሚነግራቸው ጊዜ እንደገና ይደገማል።